ለሚመለከተው ሁሉ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አሻግሬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ጸዳለስ ደህና ናቸው? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከኮልፌ አቧራ በቀር የጎዳኝ የለም።

«ሀኒያ ምን ሆና ነው ሳትሰናበተኝ የሄደችው?» ብለው እናቴን ጠይቀዋታል አሉ። ተቀይሜዎት አይደለም። አፍሬ ነው። የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር እርስዎ ሊቀመንበር ሆነው፣ እኔ ጸሐፊ ሆኜ አምስት ዓመት አብረን ይዘን «ልማር ልሄድ ነው» ማለት አቃተኝ። ይከለክሉኛል ብዬ አይደለም የፈራሁት፤ ይመርቁኛል ብዬ ነው። ተመርቄ ሄጄ ሳይሳካልኝ ብመለስ በምን ዓይኔ አይዎታለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የንግድ ሥራ አመራር በማስተርስ የሚያስተምር አንድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት አለ። የኔን የዲግሪ ነጥብ ያውቁታል፤ ሁለት ነጥብ አንድ ዘጠኝ። እነሱ የሚቀበሉት ከሁለት ነጥብ ሰባት አምስት ጀምሮ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቴን አይታ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ሆኖም በሩን አልዘጉትም። ነጥቡ ያነሰበት ሰው የመግቢያ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ካለፈ፣ ነጥቡ ለምን እንዳነሰና ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራ በጽሑፍ ካስረዳ፣ የቅርብ አለቃውም በታሸገ ፖስታ የድጋፍ ደብዳቤ ከላከለት ይታይለታል አሉኝ።

ፈተናውን ተፈትኜ ስድስተኛ ወጥቻለሁ። ጽሑፉን እየሞከርኩት ነው። የቀረው የእርስዎ ደብዳቤ ነው።

ጋሼ፣ ይህ ካልሆነ ሌላ በር የለኝም። ያንን ነጥብ ያየ ሁሉ ሰነፍ ናት ብሎ ያልፈኛል። ነጥቡ የወረደው አባቴ በተኛባቸው ሁለት ዓመታት ነው። ጠዋት በሱ ታንኳ ወጥቼ መረብ ስቤ፣ ዓሣውን ለሴቶቹ አስረክቤ፣ ደሴ ክፍል የምደርሰው መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍቶ ሲወጣ ነበር። ይህን እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል። ከእርስዎ ሌላ ምስክር የለኝም።

በስልክ ያልጠየቅሁዎት ጆሮዎ ላይ መጮህ ስለማልወድ ነው። ደግሞም ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ሙነወር ሚኒባሱን ይዞ በየሳምንቱ ይመጣል፤ መልስዎን ለሱ ይስጡት።

ያስተማሯት ልጅዎ
ሀኒያ ኡበይድ


ሐይቅ ከተማ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ አሮጌ ታንኳ ይንቋቋል፣ ግን ይሄዳል። መልሴ የዘገየው መንገዱ ተዘግቶ ሙነወር አንድ ሳምንት ሳይወጣ ስለከረመ ነው እንጂ ችላ ብዬሽ አይደለም።

ተቀይሜ ነበር፤ አልዋሽሽም። «ይመርቁኛል ብዬ ፈራሁ» ያልሽውን ለጸዳለ ሳነብላት ግን ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ አለቀሰች፤ እኔ መነጽሬን ፍለጋ ወጣሁ። መነጽሬን የት እንደማስቀምጥ የምታውቀው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አሁን የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ግማሹ እሱን መፈለግ ሆኗል።

ሁለት ነጥብ አንድ ዘጠኝ የሚሉት ወሬ እኔን አያሞኘኝም። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምርሽ አንድ ጊዜ ዘጠና ስምንት ብሰጥሽ ወረቀቱን ይዘሽ ቤቴ ድረስ መጥተሽ ምሳዬን ሳታስበይኝ ተከራክረሽ ሁለቱን ነጥብ አስመልሰሻል። ልክም ነበርሽ።

ደብዳቤውን እጽፋለሁ፤ ምን እንደምጽፍ ግን አታስተምሪኝ። ሠላሳ አራት ዓመት መምህር ሆኜ ለስንቱ ጽፌያለሁ። ከማን ቤት እንደወጣሽ፣ እንዴት እንዳደግሽ ከደብዳቤዬ ያውቁታል። አንቺን የሚነካ ነገር ከኔ ብዕር አይወጣም። ያለፈው አልፏል። የተማማልነውን አልረሳሁም፤ አንቺም እንዳልረሳሽ አውቃለሁ።

ቅጽ ካላቸው ላኪልኝ። ጽሑፍሽ ላይ ምን እንዳልሽም ንገሪኝ፣ ነገራችን እንዲገጥም። አብሽሪ።

አሻግሬ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አሻግሬ፣

እንኳን ለትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሰዎ። ዘግይቼ በመመኘቴ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ጸዳለ ለእናቴ የላኩላትን ሰምቻለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ።

ጽሑፍሽ ላይ ምን አልሽ ላሉኝ፣ ስለ አባቴ ሕመም ጽፌያለሁ፣ ስለ ታንኳውም ጽፌያለሁ፣ ስለ ሐይቁም ትንሽ ጽፌያለሁ። ሙሉውን አልልክልዎትም፤ በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው ይመልሱልኛል። እዚህ ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቀች አንዲት ጎረቤት አለችን። እሷ ካነበበችው በኋላ «ሁሉም ቦታ እኛ፣ እኛ ትያለሽ፤ አንቺ የት አለሽ?» አለችኝ። ጋሼ፣ «እኔ» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ አይጠይቁኝ። አንድ አንቀጽ ጽፌ በሄድኩ ቁጥር ሰው ያየኝ ይመስል ዞር እላለሁ።

ቅጹን አብሬ ልኬያለሁ። ሦስቱ ጥያቄዎች ስለ ሥራዬና ስለ ጠባዬ ናቸው፤ ለእርስዎ ቀላል ናቸው። አራተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «አመልካቿ ከእርስዎ ጋር ያልተስማማችበትን ጊዜና ያኔ ያደረገችውን ይግለጹ።»

ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ከአለቃ ጋር መከራከርን እንደ ነውር አያዩትም ይባላል። እንዲያውም ይወዱታል አሉ። እኔ አላውቅም። እርስዎ እንደመሰለዎት ይሙሉት።

ማስገቢያው ግንቦት 15 ነው።

ሀኒያ


ሐይቅ ከተማ
ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እናትሽን መስኡዳን ትናንት ገበያ አግኝቻት ነበር፤ ደህና ናት፤ «ስልክ ስትደውል ትበላለች ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ፣ ለኔ ትዋሻለች» ብላኛለች። ትበያለሽ ወይ?

ደብዳቤው በዚህ ፖስታ ውስጥ ታሽጓል። እንዳትከፍቺው፤ ከከፈትሽው አይቀበሉትም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንዴ ረቂቅ ጽፌ፣ አንዴ ገልብጬ፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁበት፣ የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበርና።

አራተኛዋን ጥያቄ ሳያት ሳቅሁ። ወጥመድ ናት! አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂያትም። እኛ በግምገማ ያረጀን ሰዎች ነን። መጀመሪያ አመስግኑ ይሉና መጨረሻ ላይ «እስቲ ደግሞ ጉድለቷን» ይሉሻል። የስንቱ ጓደኛዬ እንጀራ የተቆረጠው በእንዲህ ያለች ጥያቄ ነው። እኔ አልወደቅሁላቸውም። ምን ብለው ጻፉ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ የታሸገ ነገር አይጠየቅም። ብቻ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ግቢ፤ ስምሽን እንደ ታጠበ ነጭ ሸማ አድርጌ ነው የላክሁላቸው።

ሐምሌ እየቀረበ ነው። ሰዎቹ ዘንድሮም ማስገር ሊቆም፣ ሐይቁ ሊዘጋ ነው ወይ እያሉ ማጉረምረም ጀምረዋል። አንቺ የራስሽን አስቢ፤ እሱን ለኛ ተይው።

እግዚአብሔር ይርዳሽ። ይኸው መረቅሁሽ፤ አሁን ምን ትሆኛለሽ?

አሻግሬ


ሐይቅ ከተማ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀኒያ ልጄ፣

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ሁለቱንም ሙነወር በእጇ ሰጠኋት ይላል። ቃለ መጠይቁ ሰኔ 4 ነው ብለሽ ለእናትሽ ነግረሻት ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። መስኡዳ «ደህና ነኝ ብቻ ነው የምትለኝ» አለችኝ።

ተቆጥቼሽ አይደለም። ፈተና የተፈተነ ሰው ዝም ሲል መምህሩ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ያው አመሌ ነው። ደብዳቤዬ ደረሰላቸው? አነበቡት? አንድ መስመር ትበቃኛለች።

አሻግሬ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አሻግሬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሳይሳካ ቀረ። ሰኞ ነገሩኝ። ያው ነጥቤ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው፤ ድሮም የሚታወቅ ነገር ነበር። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሷቸዋል፤ አንብበውታል። ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ።

ለጊዜው የአክስቴን ሱቅ እያገዝኩ እዚሁ እቆያለሁ። ለእናቴ ቀስ ብዬ ስለምነግራት እርስዎ እንዳይነግሩብኝ።

ሐይቁ ሐምሌ 1 ተዘጋ ወይ?

ሀኒያ


አምባሰል
ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፣

ደብዳቤሽን ጸዳለ በሰው ልካልኝ እዚህ አምባሰል፣ እህቴ ቤት ደረሰኝ። እህቴ ብቻዋን ስለሆነች ለአረም ላግዛት ብዬ ነው የመጣሁት። ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ አረሙ ግን ከጤፉ ይብሳል። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ እጅና እግራችን ጭቃ ሆኗል።

አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! የማኅበር ማኅተም ያለበት፣ የሠላሳ አራት ዓመት መምህር የጻፈው ምስክርነት እጃቸው ላይ እያለ አንዲት ቁጥር ይዘው ሰው ይጥላሉ? ጉልበቴ ባይሆን ኖሮ ራሴ መጥቼ እጠይቃቸው ነበር።

ግን አንድ ነገር አልጣመኝም። አንቺ ስትናደጂ አውቅሻለሁ። ለሁለት ነጥብ ምሳዬን ያስጣልሽኝ ልጅ ይህን የሚያህል ነገር ቀርቶባት «ያው ነጥቤ ነው» ብላ ዝም አትልም። የደበቅሽኝ ነገር አለ። ደብዳቤዬን ምን አሉት? በአባትሽ በኡበይድ አፈር ይዤሻለሁ፤ እውነቱን ንገሪኝ።

አሻግሬ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አሻግሬ፣

በአባቴ አፈር ከያዙኝ እነግርዎታለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ምነው ባልጠየቅኋት እንደሚሉ ግን አውቃለሁ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። መሀል የተቀመጠችው ሴትዮ ጽሑፌን ወዳው ነበር፤ ስገባ ጀምሮ ፊቷ ላይ ይታያል። ነጥቤን እንኳ አላነሳችውም። ስለ ታንኳው ጠየቀችኝ፣ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፣ «ይህን ሁሉ ይዘሽ መመረቅሽ ነው የሚገርመኝ» አለችኝ። ጋሼ፣ ወላሂ ለአምስት ደቂቃ ያህል የገባሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የኔን ጽሑፍ በግራ፣ የእርስዎን ደብዳቤ በቀኝ አስቀመጠችና «የምትጽፉት ስለ አንድ ሐይቅ ነው?» አለችኝ።

እኔ የጻፍኩት የ2015ን ክረምት ነው። አዎ፣ ያንን። ዓሣው በሚራባበት በሐምሌና በነሐሴ ሐይቁ ይረፍ ብዬ ስለምንዎት «ሰዉ ምን ይበላል?» ብለው ጠረጴዛ እንደመቱ። ከጀርባዎ ሄጄ፣ ከታላቃቸው ከተሻለች ጀምሬ ዓሣ የሚበልቱትን ሴቶች ሁሉ ቤት ለቤት አነጋግሬ መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ላንነካ እንደተስማማን። በማግስቱ ወንዶቹ ያወጡትን ይዘው ዳር ላይ ቆመው ቢላዋ የምታነሳላቸው ሴት እንዳጡ። እርስዎ መጥተው «ተሻለች፣ አንሺ» ብለው ሲያዟት እሷ እኔን እንዳየችኝ። በሦስተኛው ቀን መረቡ ተሰቀለ። ኅዳር ላይ የወጣውን ዓሣ እርስዎም አይተውታል፤ አባቴ በልጅነቱ አየሁት ይል የነበረውን ያህላል። ይህን ጻፍኩ። በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ነገር እሱ ስለሆነ ነው።

ሸህ ዑበይዱላህና ቄሱ በኋላ እንዳስታረቁን፣ ጉልበትዎን እንደሳምኩ፣ ሁለታችንም ድንጋይ አንስተን ሐይቁ ውስጥ ወርውረን ነገሩን ዳግም ላናነሳ እንደማልን አልጻፍኩም። መሐላውን አፍርሻለሁ። አዲስ አበባ ላለ ባዕድ ብነግር ሐይቅ ከተማ ማን ይሰማል አልኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ አላህም እርስዎም ይቅር በሉኝ።

ከዚያ የእርስዎን ደብዳቤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። በቃሌ ይዤዋለሁ። «ሀኒያ ኡበይድ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከቃሌ ወጥታ አታውቅም። ከእኔም ሆነ ከሽማግሌዎች ጋር አለመግባባት ነበራት የሚል ቢኖር ሐሰት ነው። የታዘዘችውን በትሕትና ትፈጽማለች እንጂ በራሷ ፈቃድ የወሰነችው ነገር የለም። ሐይቁ በክረምት እንዲያርፍ የወሰነው የማኅበሩ አመራር ነው።» ከሥሩ ማኅተም፤ ሁለት ጊዜ።

«የማናችሁ ነው እውነቱ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንድናገርላት ፈልጋ ነው። የሚጠበቅብኝ «አለቃዬ ያልሆነ ነገር ጽፈዋል» ማለት ብቻ ነበር። ሒሳብ ያስተማሩኝን ሰው፣ አባቴ የሞተ ዕለት እስላም ክርስቲያን ሳይሉ የሰፈሩን ዕድር፣ ቅሬውን ጠርተው ቀብሩን ያስፈጸሙልንን ሰው፣ ባዕድ ፊት ውሸታም ልበልዎት? አፌ እንቢ አለኝ። «የእሳቸው ነው ትክክሉ» አልኩ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ፈጥረሽው ነው?» አለች። ዓይኔን ማኅተሙ ላይ ተከልኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ የጣለኝ ነጥቤ አይደለም። ሰነፍ ናት እንዳልባል ስፈራ ውሸታም ናት ተብዬ ወጣሁ።

ጋሼ፣ ተናድጄብዎታለሁ፤ በጣም። ምን ነውር ሠርቼ ነው የሸፈኑኝ? ሰርቄ ነበር? ሰው ገድዬ ነበር? የምኮራበትን አንድ ነገር እንደ ገመና ደበቁልኝ። የባሰው ደግሞ ከልብዎ ወደውኝ እንዳደረጉት ማወቄ ነው። ጠልተውኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሐይቁ ተዘጋ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ስለ አረም ጻፉልኝ። እናቴን ስጠይቃትም «ጋሼን ጠይቂ» አለችኝ።

ሀኒያ


ሐይቅ ከተማ
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒያ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እንኳ ፊት የለኝም፤ ብቻ እንደምን አለሽ?

መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ አልደብቅሽም። ሽማግሌ ፊት ሐይቅ ውስጥ የጣልነውን አውጥታ ለማያውቋት ሰዎች ዘረገፈችው ብዬ ሦስት ቀን ጸዳለን እንኳ አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን ልከስሽ ሸህ ዑበይዱላህ ዘንድ ሄድኩ። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «አሻግሬ፣ ያን ቀን ጣሉት ያልናችሁ ጠባችሁን ነበር። እውነቱን ጣሉት ያላችሁ ማነው?» አሉኝ። ደብዳቤሽን አጣጥፌ ወጣሁ።

በኛ ዘመን ለአንድ ሰው ከሚጻፍለት ምስጋና ሁሉ ትልቁ «ታዛዥ ነው» የሚለው ነበር። ለስንቱ ጽፌው ስንቱ ተቀጥሮበታል። ከአለቃው ጋር ተከራከረ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድም አይቻለሁ። በዚህ ብቻ ቢሆን ባለማወቅ ነው ብዬ ይቅርታ ጠይቄሽ እተኛ ነበር።

ግን ሌላም አለበት። ተሻለች ቢላዋውን አላነሳም ያለች ጊዜ ሃምሳ ሰው እያየኝ ነበር። ያንን ቀን ረስቼው አላውቅም። ስለዚህ «የማኅበሩ አመራር ወሰነ» ብዬ የጻፍኩት ደስ ብሎኝ ነው። አንቺን ሸፈንኩ እያልኩ ራሴን ስሸፍን ነበር።

ሌላ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አልታሸገም፤ አንብቢው። ስለ ሐይቁ የጠየቅሽኝም እዚያው ውስጥ አለ። ላንቺ ብቻ ልጽፈው አልቻልኩም።

አሻግሬ

*

ለሚመለከተው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የሰጠሁትን ምስክርነት ስለማረም

እኔ አሻግሬ፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በጻፍኩት ደብዳቤ ሀኒያ ኡበይድ አንድም ቀን ከቃሌ ወጥታ አታውቅም ብዬ ነበር። ሐሰት ነው። ወጥታለች። በ2015 ክረምት እኔ ሐይቁ አይዘጋም ስል እሷ ዘግታዋለች። ልክ የነበረችው እሷ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በጽሑፏ ላይ ያለው ሁሉ እኔ በቆምኩበት የሆነ ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ የእኔን ልክ ነው ያለቻችሁ እኔን ላለማዋረድ ነው።

እሷ በሄደች በአምስተኛው ወር፣ ሰዎቹ ሲጮኹብኝ፣ ሐይቁ በሐምሌና በነሐሴ ክፍት እንዲሆን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ፈርሜ ወደ አምባሰል ሄድኩ፤ ሲወጣ ላለማየት ነው። ስመለስ ዳር ላይ የተዘረጋው ዓሣ ከመሀል ጣቴ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ይበልቱታል። ቢላዋ አላነሳም ያለች አንድም አልነበረችም።

ሀኒያ ብትኖር ኖሮ ከቃሌ ትወጣ ነበር። ይህን መስክሬ ፈርሜያለሁ።

አሻግሬ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አሻግሬ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ።

ደብዳቤውን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አንዲት ሴትዮ ስኳር ስጪኝ ስትለኝ አልሰማኋትም፤ ተናድዳ ሄደች።

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድኩት። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አልተቀበለችኝም። መዝገቤ ላይ «የቀረበው መረጃ እርስ በርሱ የሚቃረን» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ የተባለ ሰው ለሦስት ዓመት ደግሞ ማመልከት አይችልም። «እኔ አንቺን አምኜሻለሁ፣ ግን መዝገቡ ተዘግቷል» አለችኝ፤ አሁንም ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ይህ ደብዳቤ በግንቦት ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ትምህርት ትናንት ተጀምሯል።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ጽፈዋል። ትምህርት ቤቱን ከእንግዲህ አይመለከተውም። የሚመለከተው ቢላዋዋን መልሳ ያነሳችውን ተሻለችን ነው፤ ሲጮኹብዎት የነበሩትን ባለ ታንኳዎች ነው። ስለዚህ ከዚህ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ። ማኅበሩ ሲሰበሰብ ዳር ላይ ቆመው ያንብቡላቸው። ከዚህ ሌላ ካሳ አልፈልግም።

ያነበቡት ዕለት «ነይ» ብለው ይጻፉልኝ። በማግስቱ በሙነወር ሚኒባስ እመጣለሁ። የሚቀጥለውን ሐምሌ አብረን እንዘጋዋለን።

ሀኒያ


ሐይቅ ከተማ
መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሀኒያ ልጄ፣

ደርሶኛል። እንኳን አብሮ አደረሰን።

ሰኞ ማኅበሩ ዳር ላይ ተሰበሰበ። መልሰሽ የላክሽልኝን ደብዳቤ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ሄድኩ፤ መነጽሬንም አልረሳሁም። ሰዉ ሁሉ መጥቶ ነበር። ተሻለች ከሴቶቹ ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ሸህ ዑበይዱላህን ደግሞ እንዲገኙልኝ ለምኛቸው ነበርና ከፊት ተቀምጠው ያዩኛል።

ስለ መረብ ተነጋገርን። ስለ በረዶ ሳጥኑ ተነጋገርን። ዓሣው ለምን እንዳነሰ አንዱ ጠየቀ፤ ሌላው ዘንድሮ ዝናቡ በዛ አለ። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ እኔ ተነሳሁ። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ወረቀቱን ያዝኩት። ሃምሳ ሰው አየኝ።

«ሌላ ሐሳብ ከሌለ ስብሰባው አልቋል» አልኩ።

ሸህ ዑበይዱላህ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ተሻለች ልትስመኝ መጥታ «ሀኒያ እንዴት ናት ጋሼ?» አለችኝ፤ ደህና ናት አልኳት።

ለማያውቁኝ ሰዎች ስጽፈው ቀሎኝ ነበር። አንቺም ለማያውቁሽ ሰዎች ስትጽፊው እንዲሁ ሳይቀልሽ አልቀረም፤ ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ አነበዋለሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ይኸው ስርዙ ይታያል። ወረቀቱ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ጸዳለ ኮቱን ልጠበው ስትለኝ እከለክላታለሁ።

ያነበቡት ዕለት «ነይ» ብለው ይጻፉልኝ ብለሽ ነበር። ስለዚህ «ነይ» ብዬ አልጻፍኩልሽም።

አሻግሬ